ልጄ «ደህና ነኝ» ይላል፤ እኔ ግን አይመስለኝም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምንኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። የ10 ዓመት ልጄ አስም አለበት። ሰሞኑን ለክትትል ስንሄድ ስለ ጤናውና ስለ ውሎው የሚጠይቅ ቅጽ ለየብቻ አስሞሉን። እኔ «በጣም ይቸገራል» አልኩ። እሱ ትንፋሹን «ደህና» ብሎ፣ ከጓደኞቹ ጋር መጫወትን ግን «መጥፎ» አለው። ልጅ ስለ ጤናው ምን ያውቃል? የማንኛችን መልስ ነው የሚያዘው?

መልስ፦ አብሽሩ፣ የሁለታችሁም ይያዛል። ለየብቻ ያስሞሏችሁም ለዚሁ ነው።

ልጅ ስለ ራሱ ብዙ ያውቃል። የልጆችን ደህንነት ከሚለኩት የታወቁ መጠይቆች «ፔድስኪውኤል» ከ5 ዓመት፣ «ኪድስክሪን» ከ8 ዓመት ጀምሮ ልጁን ራሱን ይጠይቃሉ። ሁለቱም የወላጅ ቅጽ አላቸው። በዓይን የሚታየው ላይ፣ ለምሳሌ መሮጥ ላይ፣ የወላጅና የልጅ መልስ ይቀራረባል። ጭንቀት፣ ሐዘንና የጓደኛ ነገር ላይ ሲደርስ ይራራቃል። የታመመ ልጅ ወላጅ ብዙ ጊዜ ከልጁ የባሰ አድርጎ ይሞላል፤ የጤነኛ ልጅ ወላጅ ደግሞ የተሻለ አድርጎ።

ምክንያቱ አይከብድም። እርስዎ ቅጹን ሲሞሉ ትዝ ያለዎት በሌሊት በጋቢ ጠቅልለውት ባጃጅ ፍለጋ የወጡበት ቀን ይሆናል። እሱ ትዝ ያለው ትናንት በእረፍት ሰዓት ጓደኞቹ ኳስ ሲጫወቱ ዳር ቆሞ ማየቱ ይሆናል።

አስም ላይማ የሁለታችሁ መልስ ይደመራል። ከ4 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ 7 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። 4ቱን ልጁ፣ 3ቱን ወላጅ ይመልሳሉ። ከ27 ነጥብ 19 ወይም ከዚያ በታች ከመጣ አስሙ በቁጥጥር ሥር አልዋለም ማለት ሊሆን ይችላል።

እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ «መጥፎ» ያለው ነው። «ብርድ ይመታሃል፣ አትሩጥ» እየተባለ ይሆን? የደሴን ብርድ አውቀዋለሁ፣ ስጋትዎም ይገባኛል። ግን አስሙ በቁጥጥር ሥር የዋለ ልጅ መሮጥ፣ ኳስ መጫወት ይችላል። ሲሮጥ የሚያፍነው ከሆነ ከጨዋታ በፊት ፓፉን (በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት) ይሳብ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። ፓፉ ትምህርት ቤትም ከእሱ አይለይ፤ መምህሩም ይወቅ።

«ደህና» ያለውንም ዝም ብለው አይቀበሉት። ልጆቻችን «እንዴት ነህ?» ሲባሉ «አልሐምዱሊላህ» ወይም «ተመስገን» ብለው እንዲመልሱ ነው የምናሳድጋቸው። ጨዋታ እንዳይከለከል ሳሉን የሚደብቅም አለ። ስለዚህ ለይተው ይጠይቁት። «ማታ ሳል ቀሰቀሰህ?» «ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዳገቱ ላይ ስንቴ ቆምክ?» በዚህ ዓይነት ጥያቄ ላይ ልጅ እውነቱን ያወጣል። እየመለሰ ሳለ ግን አይቆጡት፤ ከተቆጡት ሁለተኛ አይነግርዎትም።

ሳሉ ወይም ማፈኑ በሳምንት ከ2 ቀን በላይ ከመጣ፣ ማስታገሻውን ፓፍ በሳምንት ከ2 ጊዜ በላይ ከፈለገ፣ ወይም አስሙ ሌሊት ከቀሰቀሰው ቀጠሮው እስኪደርስ አይጠብቁ። መናገር ካቃተው፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መሃል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ፓፉ ካላስታገሰለት ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ፓፉን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ፊት ይሳበው፣ አሳሳቡም ይታያል። ከሐኪሙ ጋር ጥቂት ደቂቃ ብቻውን እንዲያወራም ይፍቀዱለት።