«ምድጃው ነው» ስላልሽው ነገር

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሥነ ጥበብ ትምህርትሽን ከጨረስሽ ገና ዓመት ያልሞላሽ መሆኑን፣ አንድ ማሠልጠኛ ጀማሪ ተማሪዎች ቅጠልን፣ ወንዝን፣ የወፍ ላባን እየተመለከቱ በምድጃ ሙቀት ከሚዋሐድ መስታወት ጥበብ እንዲሠሩ የምታስተምር ረዳት አሠልጣኝ ሊያደርግሽ እንደሚፈልግ ጽፈሻል። አባትሽ የሒሳብ ሠራተኛነቱን ቦታ እንድትይዢ ይገፋፉሻል፤ ታላቅ ወንድምሽ ደግሞ የራስሽን ምድጃ ገዝተሽ ለብቻሽ እንድትሠሪ ገንዘብ ሊያበድርሽ ዝግጁ ነው። ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የነሣሽ ግን «እኔ ራሴ ስም ያላወጣሁ ሆኜ ሌላውን ማስተማር ማጭበርበር አይሆንብኝም?» የሚለው ጥያቄ ነው።

መልሴ አይሆንም ነው። ነገር ግን በደብዳቤሽ መካከል እንደ ዋዛ ያለፍሽው አንድ ዓረፍተ ነገር ከዚህ ጥያቄ ይልቅ አሳስቦኛል። በሙከራ ሳምንትሽ አንዲት ተማሪ ሦስት ቀን የደከመችበት የመስታወት ቅጠል ከምድጃው ለሁለት ተሰንጥቆ ሲወጣ፣ «አይዞሽ፣ ምድጃው ነው» ብለሽ እንዳጽናናሻት ጽፈሻል።

ምድጃው አይደለም። ምድጃ አብዛኛውን ጊዜ የታዘዘውን ብቻ ነው የሚያደርገው፤ የሆነውን የሚናገረው ስባሪው ነው። የስንጥቁ ጠርዝ ለስልሶና ዶልዱሞ ከተገኘ መስታወቱ የተሰበረው ሙቀቱ ወደ ላይ ሲወጣ ነው፤ ከተሰበረ በኋላ ሙቀቱ ስለ ቀጠለ ስለቱ ቀልጦ ጠፍቷል፤ ስለዚህ ጥድፊያው ሙቀቱን በማንሣት ላይ ነበር። ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለታም ከሆነ ግን የተሰበረው ሲቀዘቅዝ ወይም ከዚያ ወዲህ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የስንጥቁን መንገድ ተመልከቺ፤ የሁለት መስታወቶችን ድንበር ተከትሎ ከሄደ ሁለቱ አልተስማሙም ማለት ነው፤ ድንበር ሳያከብር ጠምዘዝ ብሎ መሐሉን አቋርጦ ካለፈ ደግሞ አኒሊንግ የሚባለው፣ እንደ መስታወቱ ዓይነት ከ480 እስከ 515 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ቆሞ ውስጣዊ ውጥረትን የማርገብ ደረጃ፣ አጥሯል ብለሽ ጠርጥሪ።

ልጅቷ ለቅጠሉ አረንጓዴነት የጠርሙስ ስባሪ እንደ ጨመረችበት አንቺው ራስሽ ጽፈሻል። እኔ ሥራውን ሳላየው ልፈርድ አልችልም፤ ጥርጣሬዬ ግን ወደዚያ ነው። ለዚህ ጥበብ የሚሸጡት መስታወቶች በአብዛኛው 90 ወይም 96 የሚል ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። ቁጥሩ መስታወቱ ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚገልጽ ሲሆን፣ 90 ማለት 1 ሜትር የሚረዝም ዘንግ በእያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 9 ማይክሮሜትር ያህል ይረዝማል ማለት ነው። ልዩነቱ ለዓይን የማይታይ ቢሆንም፣ ሁለቱ መስታወቶች አንድ አካል ሆነው ሲቀዘቅዙ አንዱ ከሌላው አብልጦ ሊኮማተር ይፈልግና በመካከላቸው የሚፈጠረው ውጥረት ሥራውን ይሰነጥቀዋል፤ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ፣ ሥራው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ። የጠርሙስም ሆነ የመስኮት መስታወት ከእነዚህ ጋር እንዲስማማ ተፈትኖ አልተሠራም። ይህን ለተማሪዎችሽ በዓይናቸው ማሳየት ትችያለሽ፦ የተጠረጠረውን መስታወት ተስማሚነቱ በተፈተነ ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አዋሕደሽ፣ ሲቀዘቅዝ በሁለት ፖላራይዝድ ማጣሪያዎች (ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ ገጾች) መካከል አስቀምጠሽ ብርሃን አሳልፊበት። በዙሪያው የብርሃን ቀለበት ከታየ ውጥረት አለ።

ማስተማር ማለት ይህ ነው፤ ስም ማውጣት ሌላ ሥራ ነው። እጃቸው የተባረከ፣ ነገር ግን ሥራቸው ለምን እንደ ተሳካ በቃል ማስረዳት የማይችሉ ባለሙያዎች አይቻለሁ። ተማሪ ሲጠይቃቸው «ዝም ብለህ እየኝ» ይላሉ። አንቺም በዕውቅና ማነስ የተነሣ አታላይ አትሆኚም፤ ምክንያቱን ሳታውቂ ምክንያት ስትሰጪ ግን ትሆኛለሽ። «አላወቅሁም፣ ነገ አብረን ስባሪውን እንመርምረው» ማለት በቂ ነበር።

ይህን የምለው ከወንበር ላይ ተቀምጬ ብቻ አይደለም። አማካሪ ከመሆኔ በፊት 11 ዓመት የእንጨት ሥራ አስተምሬያለሁ። ስቀጠር ከተማሪዎቼ የምቀድማቸው በአንድ ሴሚስተር ያህል ነበር። በመጀመሪያው ወር አንድ ልጅ የሠራው መሳቢያ ተጣምሞ አልዘጋ ሲለው «እንጨቱ መጥፎ ነው» አልኩት። እንጨቱ መጥፎ አልነበረም፤ በደንብ ሳይደርቅ እንዲሠራበት የሰጠሁት እኔ ነኝ። ልጁ ወደ ክፍሉ አልተመለሰም። የማሠልጠኛውን ሥራ ከወንድምሽ ብድር አስበልጬ ማየቴ ከዚህ ታሪክ ነጻ አይደለም፤ እኔ የተማርኩት በሰው መሣሪያ፣ በሰው ቁሳቁስ፣ በደመወዝ ላይ ሆኜ ነው።

ስለዚህ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ደብተር ያዢ። በየማቅለጡ የመስታወቱን ዓይነትና ውፍረት፣ ሙቀቱ በሰዓት በስንት ዲግሪ እንደ ወጣ፣ በላይኛው ሙቀት ስንት ደቂቃ እንደ ቆየ፣ አኒሊንጉንና ውጤቱን መዝግቢ። ከዚያም 5 ሳንቲ ሜትር በ5 ሳንቲ ሜትር በሆኑ ቁራጮች ሆን ብለሽ ስሕተት ሥሪ፤ አንዱን አፍጥነሽ አሙቂ፣ በሌላው ላይ የማይስማማ መስታወት አዋሕጂ። የእነዚህ ስባሪዎች ሣጥን ከማንኛውም ያማረ ናሙና የበለጠ የማስተማሪያ መሣሪያ ይሆንሻል።

ተፈጥሮን በተመለከተ የጠየቅሽው በአጭሩ ይመለሳል፦ የዕፅዋት ሳይንስ ኮርስ አያስፈልግሽም፤ ማየት ግን ያስፈልግሻል። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያሉትን የመስታወት አበቦች የሠሩት አባትና ልጅ፣ ሊዮፖልድና ሩዶልፍ ብላሽካ ናቸው፤ አሠራራቸው በምድጃ ሳይሆን በነበልባል ቢሆንም፣ ልጁ ሩዶልፍ በ1892 እ.ኤ.አ. ዕፅዋቱን በበቀሉበት ለማጥናት ባሕር ተሻግሮ ነበር። ተማሪዎችሽ መስታወት ከመቁረጣቸው በፊት ቅጠሉን በእርሳስ ይሣሉት። መስታወት ግን የራሱ ጠባይ አለው፤ 800 ዲግሪ አካባቢ ሙሉ በሙሉ ሲቀልጥ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ማዘንበል ይወዳል፤ ሹል የቅጠል ጫፍ ይዶለዱማል፣ አንድ ንብርብር ብቻ ከሆነም ጠርዙ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። የቅጠሉ ጅማት ከፍ ብሎ እንዲዳሰስ የሚፈልግ ተማሪ ከ730 እስከ 760 ዲግሪ ባለው ዝቅተኛ ሙቀት ይሥራ። እውነተኛ ቅጠል በሁለት መስታወቶች መካከል ሲቃጠል የሚተወው ነጭ የአመድ አሻራም አለ፤ አየሩ መውጫ ካላገኘ ግን ትልቅ አረፋ ይሆናል።

አባትሽ «ስባሪ መገጣጠም ሥራ አይደለም» ማለታቸው ትክክል አይደለም፤ ደመወዝ የሚከፈልበት ማስተማር ሥራ ነው። ሊጠይቁሽ የሚገባቸው አንድ ነገር ቢኖር በዚያ ደመወዝ ራስሽን እንዴት እንደምትችዪ ነው፤ ለዚህም ክርክር ሳይሆን የወር ወጪና ገቢሽን በወረቀት ይዘሽላቸው ቅረቢ። ካልገጠመ፣ በሳምንት ሁለት ቀን የሒሳብ ሥራ ብትሠሪ አያዋርድሽም። የወንድምሽን ገንዘብ ለአሁኑ አትውሰጂ፤ የተሰነጠቀ ሥራ ሁሉ ከዕዳ ላይ የሚታሰብ ከሆነ ሆን ብለሽ ለመሳሳት ድፍረት አይኖርሽም። ለማስተማር የሚያስፈልግ መስሎ የሚታይሽ የምስክር ወረቀት ሊቆይ ይችላል። የምድጃውን መደርደሪያ ስታጸጂ የሚነሣው ብናኝ ግን ለሳንባ አደገኛ ነውና፣ ብናኝ የሚያጣራ ጭንብል ሳታደርጊ አትንኪው፤ ተማሪም አታስነኪ።

ቅጠሉ ካልተጣለ ልጅቷን ጥሪያትና ጠርዙን አብራችሁ በአጉሊ መነጽር እዩት። ስለታም ይሁን ዶልዱም፣ ስንጥቁም በአረንጓዴው ድንበር ሄዶ እንደሆነ ጻፊልኝ።