የሥራ ደብዳቤ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ስለ ካናዳ የነጥብ አሠራር ለወገኖቼ

ከሪያድ፣ ከዱባይ፣ አንዳንዴም ከዚሁ ከካናዳ ሆነው የሚደውሉልኝ ወንድሞችና እህቶች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ካናዳ ያለ አሠሪ ሊቀጥረኝ እንደሚፈልግ የሚገልጽ የሥራ ደብዳቤ የሚያስገኝልኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ ዋጋው ብዙ ሺህ ዶላር ነው፤ ነጥቤን ከፍ ያደርግልኛል ብሏል፤ ልክፈል?» ይሉኛል። አትክፈሉ። የሚሸጥላችሁ ነጥብ ዛሬ የለም። ይህን በስልክ ለእያንዳንዱ ከማስረዳ በጽሑፍ ባስቀምጠው ይሻላል ብዬ ነው የተነሣሁት። ቀኖቹን የምጠቅሰው፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚባለው፣ ለቋሚ ነዋሪነት የሚፈልጉ ባለሙያዎችን በነጥብ አወዳድሮ ከፍተኛ ነጥብ ያላቸውን እንዲያመለክቱ የሚጠራው የካናዳ አሠራር በጃንዋሪ 2015 ሲጀመር ተቀባይነት ያለው የሥራ ቅጥር ብቻውን 600 ነጥብ ያሰጥ ስለነበር፣ ደብዳቤውን የያዘ ሰው መጠራቱ የተረጋገጠ ያህል ነበር። በኖቬምበር 2016 ይህ ወደ 50፣ ለከፍተኛ የአመራር ሥራዎች ደግሞ ወደ 200 ወረደ። ከማርች 25 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተሠርዟል። መንግሥት የሰጠው ምክንያት ግልጽ ነው፦ አሠሪው የውጭ ሠራተኛ መቅጠር እንደሚያስፈልገው የሚያረጋግጠው፣ ብዙዎቻችሁ ኤልኤምአይኤ በሚል ስሙ የምታውቁት ሰነድ፣ በሕገ ወጥ መንገድ የሚሸጥና የሚገዛ ሸቀጥ ሆኖ ነበር። በእርግጥ እውነተኛ ቅጥር ዋጋ አጥቷል ማለት አይደለም። የሥራ ፈቃድ ሊያስገኝ ይችላል፤ በዚያ ፈቃድ ካናዳ ውስጥ የሚሠራው ሥራም እንደ ልምድ ይቆጠራል። ከሌሎች ጋር በምትወዳደሩበት ደረጃ ላይ ግን ደብዳቤው አንዲት ነጥብ አይጨምርም።

ታዲያ በእጃችሁ ያለው ምንድን ነው? ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ቋንቋን ነው፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ የተጎዳሁት በእሱ ነው። አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ስወስድ በጽሑፍ 6.5 አመጣሁ፤ «ይበቃል» ብዬ ስምንት ወር ተቀምጬ ጠበቅሁ፤ በመካከሉ የልደት ቀኔ አለፈና ነጥቤ ጭራሽ ቀነሰ። ሒሳቡን ያኔ የሚያሳየኝ ሰው ባገኝ ኖሮ በማግስቱ ለድጋሚ ፈተና እመዘገብ ነበር።

ሒሳቡም እንዲህ ነው። በማዳመጥ 7.5፣ በማንበብ፣ በመጻፍና በመናገር 6.5 ያመጣ ሰው በካናዳ የቋንቋ መለኪያ ደረጃ 8 ላይ ነው። በማዳመጥ 8፣ በሌሎቹ ሦስቱ 7 ቢያመጣ ደረጃ 9 ይደርሳል፤ በእያንዳንዱ ክፍል ልዩነቱ ግማሽ ነጥብ ብቻ ነው። ያለ ትዳር ጓደኛ ለብቻው የሚያመለክት ሰው በዚህች ግማሽ ነጥብ በየክፍሉ 8፣ በድምሩ 32 ነጥብ ያገኛል። በዚህም አያበቃም፤ ደረጃ 9 ከትምህርትና ከውጭ አገር የሥራ ልምድ ጋር ተጣምሮ ተጨማሪ ነጥብ ያስገኛል። የመጀመሪያ ዲግሪና የሦስት ዓመት ልምድ ላለው ጠቅላላ ጭማሪው 69፣ ማስተርስ ላለው ደግሞ 82 ይሆናል። ደላላው በሺዎች ዶላር ሊሸጥላችሁ የሚሞክረው ደብዳቤ፣ ከ2016 መጨረሻ እስከ ተሠረዘበት ጊዜ ድረስ፣ ለአብዛኛው ሰው 50 ብቻ ነበር። አራቱም ክፍሎች ደረጃ 9 መድረስ እንዳለባቸው ግን አትርሱ፤ አንዱ ብቻ ወደ ኋላ ቢቀር የጥምረቱ ነጥብ ይቀንሳል።

ፈረንሳይኛን በተመለከተ፣ በሊሴ ገብረ ማርያም የተማራችሁ ወይም ጅቡቲ የኖራችሁ ሰዎች የያዛችሁትን ሀብት የተገነዘባችሁት አይመስለኝም። በማርች 21 ቀን 2025 ፈረንሳይኛ ለሚችሉ በተደረገው ጥሪ ዝቅተኛው ነጥብ 379 ነበር፤ በሜይ 13 ካናዳ ውስጥ ልምድ ላላቸው በተደረገው ጥሪ ግን 547 ተጠይቋል። ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ተፈላጊው ደረጃ 7 በወራት የሚደረስበት አይደለም፤ ከአንድ ዓመት በላይ የዕለት ተዕለት ጥናት ይጠይቃል ብላችሁ ተነሡ። ዕድሜያችሁ ከ30 በታች ከሆነ ግን ጊዜው አላችሁ። ለብቻው ለሚያመለክት የዕድሜ ነጥብ ከ20 እስከ 29 ዓመት 110 ነው፤ በ35 ወደ 77፣ በ40 ወደ 50 ይወርዳል፤ በ45 ምንም አይቀርም።

ብዙ ወገኖቻችን የሚሰናከሉት ከአገር ቤት በሚመጣው ሰነድ ነው። የትምህርት ማስረጃችሁን የሚገመግመው ድርጅት በአብዛኛው ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክለት ይፈልጋል፤ የወጪ መጋራት ክፍያውን ያልጨረሰ ሰው ደግሞ ሬጅስትራሩ በር ላይ ይቆማል። ስለዚህ ክፍያውን አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ ጉዳዩን የሚከታተል ወንድም ወይም እህትም በውክልና ሹሙ። ግምገማው ለአምስት ዓመት የሚያገለግል ስለሆነ ቀድሞ ማሠራቱ ጉዳት የለውም፤ የሁለት ዓመት ዕድሜ ያለው የቋንቋ ውጤት ግን እንደዚያ አይደለም። በፓስፖርታችሁ፣ በዲግሪያችሁና በትራንስክሪፕታችሁ ላይ የአባትና የአያት ስም አጻጻፍ አንድ መሆኑን በፊደል ደረጃ አመሳክሩ። የዓመተ ምሕረቱንም ነገር ልብ በሉ፦ በሐምሌ 2005 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በቅጹ ላይ የሚጽፈው ጁላይ 2013 ነው፤ በየሰነዱ የተለያየ ዓመት ከተጻፈ መርማሪው የሚያየው የአቆጣጠር ልዩነትን ሳይሆን የሐሰት ቃልን ሊሆን ይችላል።

የሥራ ልምድ ደብዳቤያችንም ችግር አለበት። የአገራችን መሥሪያ ቤቶች የሚጽፉት «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በመልካም ሥነ ምግባር አገልግለዋል» የሚል ነው። ይህ አክብሮት ነው፤ ለካናዳ ግን አይበቃም። ደብዳቤው የሥራ ዝርዝራችሁን፣ በሳምንት የሠራችሁትን ሰዓት፣ ደመወዛችሁንና ጥቅማ ጥቅማችሁን በግልጽ ማስፈር አለበት። ዝርዝሩን ራሳችሁ በእውነት ረቂቅ አድርጋችሁ ለሰው ኃይል አስተዳደሩ ብታቀርቡ ሥራው ይቀልላቸዋል። ያልሠራችሁትን አታስጽፉ፤ ሐሰት ከተገኘ ለአምስት ዓመት ካናዳ ከመግባት ትታገዳላችሁ።

ካናዳ ውስጥ በነርስነት፣ በሕፃናት አስተማሪነት ወይም በግንባታ ሙያ የምትሠሩ እህቶችና ወንድሞች፣ ከ2023 ጀምሮ ለተመረጡ ሙያዎች የተለየ ጥሪ እንደሚደረግ እወቁ። ዝርዝሩ ግን ይለዋወጣል፤ በፌብሩዋሪ 2025 የትምህርት ዘርፍ ሲጨመር የትራንስፖርት ዘርፍ ወጥቷል። ስለዚህ በአንድ ዘርፍ ብቻ ተማምናችሁ ቋንቋውን አትተዉት።

በገልፍ ያላችሁ ደግሞ፣ ባለፉት አሥር ዓመታት በተከታታይ ስድስት ወር ወይም ከዚያ በላይ ከተቀመጣችሁበት አገር ሁሉ የፖሊስ ማረጋገጫ ትጠየቃላችሁ። ጥሪው ከደረሳችሁ በኋላ ሙሉ ማመልከቻውን ለማስገባት ያላችሁ 60 ቀን ብቻ ነው። ኮንትራታችሁ አልቆ ከአገሩ ከወጣችሁ በኋላ ይህን ወረቀት ማግኘት እጅግ ስለሚከብድ፣ መኖሪያ ፈቃዳችሁ ሳይቃጠል፣ ገና እዚያው ሳላችሁ፣ አሠራሩን ጠይቁና የጣት አሻራችሁን ስጡ።