ሴቷ ጊኒ ፒግ ሆዷ ከሰፋ ወንዱን ዛሬውኑ ለዪው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት፤ በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ነው ዛሬ ተቀምጬ የምጽፍልሽ። ከዘመድ ወንድና ሴት ጊኒ ፒግ (አይጥ የሚመስሉ ትናንሽ የቤት እንስሳት) ተሰጥተውሽ የሴቷ ሆድ እየሰፋ መጥቷል፤ ይለያዩ ወይስ አብረው ይሁኑ፣ ከሥራቸውስ የቡና ገለፈት ላንጥፍ ወይ ብለሻል። እኔ እዚሁ ጂማ አራት ዓመት አርብቻለሁ። ጎረቤት "አይጥ ታረባለህ እንዴ?" እያለኝ ነው የከረምኩት፤ አሁን ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መጀመሪያ እኔ ቤት ነው የሚገቡት።

ወንዱን ዛሬውኑ ለዪው። ብዙ ሰው ወንዱ ግልገሎቹን ይበላቸዋል ብሎ ይፈራል፤ እሱ አይደለም ችግሩ። ሴት ጊኒ ፒግ በወለደች በሰዓታት ውስጥ እንደገና ትፀንሳለች። እኔ ይህን ያወቅኩት ዳማ ባልኳት የመጀመሪያዋ ሴት ነው። ሌሊት ሦስት ወለደች፤ እኔም ደስ ብሎኝ ቤተሰቡ አብሮ ይሁን ብዬ አባትየውን ተውኩት። ሁለት ወር ከምናምን ቆይታ አራት ደገመች። በጀርባዋ እጄን ሳሳልፍ አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ጡቷ ሁለት ብቻ ነው፤ አራቱ ተራ እየጠበቁ ይጠቧታል፣ እሷ ግን ጎመን አፏ ድረስ ባቀርብላትም ፊቷን ታዞራለች። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል፤ አንድ ሳጥን ብጨምር ኖሮ ትተርፍ ነበር። አንቺ ሳጥኖቹን ጎን ለጎን አድርገሽ በወንፊት ሽቦ ከለያየሻቸው ይተያያሉ፣ ይሸታተታሉ፣ ብቸኝነትም አይሰማቸውም።

እርግዝናው ከ59 እስከ 72 ቀን ይፈጃል። የአይጥ ሦስት ሳምንት ነው፤ የእነዚህ ይህን ያህል የሚረዝመው ግልገሎቹ ሆድ ውስጥ ተሟልተው ስለሚያድጉ ነው። ሲወለዱ ፀጉራቸው ሙሉ፣ ዓይናቸው የተገለጠ፣ ጥርሳቸውም ያለ ነው። በማግስቱ የጎመን ዘንግ ሲጎትቱ ስታያቸው ትደነግጫለሽ። እናትየው የእንግዴ ልጁን ብትበላ አትደንግጪ፣ ልማዷ ነው። በ21 ቀናቸው ግን ወንዶቹን ከእናታቸውም ከእህቶቻቸውም ለያቸው፤ በዚያ ዕድሜ ማስረገዝ ይችላሉ። ጾታውን ለመለየት በጀርባው አስተኝተሽ በቀስታ ተመልከቺ፤ የሴቷ እንደ ባላ የተከፈለ ቅርጽ አለው፣ የወንዱ ክብ ነጥብ ሆኖ ከሥሩ ቀጥ ያለ መስመር አለ። እኔ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁና ተጠራጠሪ፣ በሳምንቱ ደግመሽ እዪ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ሴቷ መጀመሪያ የምትወልደው ሰባት ወር ሳይሞላት መሆን አለበት። ካለፋት የዳሌዋ አጥንት መጋጠሚያ ይጠነክርና ሲወለድ እንደሚገባው አይከፈትም፤ ምጥ ላይ ትቀራለች። ዕድሜዋ ካለፈና ይህ የመጀመሪያዋ ከሆነ ከአሁኑ የእንስሳት ሐኪም አነጋግሪ። ከተማችን የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ኮሌጅ ያለበት ነው፤ ጠይቀሽ የሚመራሽ ሰው አታጪም።

የቡና ገለፈቱን ተዪው። በነጻ እንደሚገኝ አውቃለሁ፣ እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው። ግን ካፌይን አለበት፣ እነሱ ደግሞ የተኙበትን ይቆረጥማሉ። አቧራው ሳንባቸውን ይጎዳል፣ በክረምታችን እርጥበት ደግሞ ቶሎ ይሻግታል። ከአናጺ የምታመጪው ሰጋቱራም የጽድ ወይም የፈረንጅ ጽድ ከሆነ አይሁን፤ ያ ደስ የሚለን ሽታ ለእነሱ መርዝ ነው። እኔ ጋዜጣ አንጥፌ በላዩ የጤፍ ጭድ አደርጋለሁ፣ በየሁለት ቀኑ እቀይራለሁ። ወለሉ ሽቦ እንዳይሆን፣ እግራቸው ይቆስላል። ለሁለት 1 ሜትር ከ20 በ60 ሳንቲም ይበቃል። ክዳን አትርሺ፤ ሸለምጥማጥ እንኳን ለዶሮ ለእነዚህም አይመለስም።

ምግባቸው በዋናነት ሣር ነው። ጥርሳቸው ዕድሜ ልክ ስለሚያድግ ካላላመጡ ይረዝምና መብላት ያቅታቸዋል። ሐምሌና ነሐሴ እርጥብ ሣር አጭደሽ ከምረሽ አትተዪ፣ ይሞቅና ይሻግታል፤ እኔ ጣሪያ ሥር በትንሽ በትንሹ አንጠልጥዬ ነው የማደርቀው። ከሣሩ ቀጥሎ ቫይታሚን ሲ ነው። ልክ እንደኛ ሰውነታቸው አይሠራውም፤ ካጡ በሦስት ሳምንት ውስጥ መገጣጠሚያቸው ያብጣል፣ ፀጉራቸው ይንጨባረራል፣ መራመድ ይጠላሉ። እርጉዝ ስትሆን በኪሎ ክብደት በቀን 30 ሚሊ ግራም ገደማ ያስፈልጋታል። ጥሬ ጎመን፣ ፍሬው የወጣለት ቃሪያ፣ ከዘይቱን (ጓቫ) ቁራሽ ስጫት፤ ዘይቱን እዚህ ከየጓሮው ስለሚገኝ መታደል ነው። የምግብ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ከሳጥኑ ውስጥ የሚወጣውን ፉጨት ከለመድሽው በኋላ ቤቱ ያለሱ ጭር ይልብሻል።

አቮካዶ ግን በፍጹም! ፍሬውም ቅጠሉም ይገድላቸዋል፤ ጓሮሽ ዛፉ ካለ ቅጠል የሚረግፍበት ቦታ አትልቀቂያቸው። ሽንኩርትና ያቆጠቆጠ ድንችም እንዲሁ።

መድኃኒት ላይ ደግሞ እባክሽ ስሚኝ። አንድ ክረምት ወንዱ ማስነጠስ ሲጀምር አንድ መድኃኒት ሻጭ "ለሕፃን የሚሰጥ ነው፣ ምንም አይለውም" ብሎ አሞክሲሲሊን ሰጠኝ። በአምስተኛው ቀን ተቅማጥ አጣድፎ ገደለው። አሞክሲሲሊንና የፔኒሲሊን ዘሮች ሆዳቸው ውስጥ ሣር የሚያፈጩላቸውን ተህዋስያን ይፈጁና ጎጂዎቹ ይነግሣሉ። ማንም ቢሰጥሽ "ፔኒሲሊን ነው?" ብለሽ ሳትጠይቂ አትቀበዪ።

አሁን ከሰጡሽ ሰዎች የሴቷን ዕድሜና ከዚህ በፊት ወልዳ እንደሆነ ጠይቂልኝ። በወጥ ቤት ሚዛንም መዝኛት፣ በየሦስት ቀኑ ጻፊው። ሁለቱን መልስ እዚሁ አስቀምጪልኝ፣ የምትወልድበትን ቀን አብረን እናሰላዋለን።