የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ተማሪዎች ከሆስፒታል ውጭ ሲሠለጥኑ

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ በሆስፒታል ውስጥ ለዘጠኝ ዓመታት በኦኩፔሽናል ቴራፒስትነት፣ ማለትም በሕመም ወይም በጉዳት የተቸገሩ ሰዎች የዕለት ተዕለት ተግባራቸውንና ሥራቸውን እንደገና እንዲችሉ በሚረዳ ባለሙያነት፣ ከሠራሁ በኋላ ወደ ማስተማር ተሸጋግሬያለሁ። ከመጪው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ የማኅበረሰብና የሥራ ቦታ ጤናን የሚመለከት ትምህርት እንዳዘጋጅ ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። ተማሪዎቼ እስካሁን የሚያውቁት ስትሮክ የመታውን ሰው ልብስ መልበስ ማለማመድን፣ ለተጎዳ እጅ ስፕሊንት (መደገፊያ) መሥራትንና አልጋ አጠገብ የሚደረግ ምዘናን ነው። ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ መኖሪያ ሰፈር ብልካቸው እዚያ የሚቆጣጠራቸው የሙያው ሰው የለም። ባልደረቦቼም «መሠረቱን ሆስፒታል ውስጥ ይያዙ፣ ሌላው በኋላ ይደርሳል» ይሉኛል። አንድ ኮርስ መጨመር ይበቃል ወይስ ከሥሩ መለወጥ ያለበት ነገር አለ?

ከአንድ መምህር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በክፍል ውስጥ የሚሰጥ አንድ ተጨማሪ ኮርስ የሚበቃ አይመስለኝም፤ መለወጥ ያለበት ተማሪው ነገሩን ከየት ጀምሮ እንደሚመለከት ነው። ሆስፒታል ውስጥ አስቀድሞ የሚመጣው ካርዱ ነው፤ ተማሪው ስሙን፣ ዕድሜውንና የበሽታውን ዓይነት አንብቦ ወደ ሰውየው ይሄዳል፣ ሰውየው የሚሠራውን ሥራ ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ቃል ጽፎ ያልፈዋል። ከሆስፒታል ውጭ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ባልደረቦችዎ «መሠረት» የሚሉትም ቢሆን የሙያውን ታሪክ በግማሹ የሚያይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1917 በኒው ዮርክ ግዛት ክሊፍተን ስፕሪንግስ ተሰብስበው የሙያውን ማኅበር ከመሠረቱት ስድስት ሰዎች መካከል ጆርጅ ባርተንና ቶማስ ኪድነር አርክቴክቶች ነበሩ፤ ኪድነር ደግሞ በካናዳ የተጎዱ ወታደሮችን ወደ ሥራ የመመለሱን ተግባር ሲመራ የቆየ ሰው ነው። ሰውን ወደ ሥራው መመለስ ዘግይቶ የተጨመረ ቅርንጫፍ አይደለም ማለት ነው።

ከራሴ ተሞክሮ አንድ ነገር ላንሣ። ሁለት ተማሪዎችን ወደ አንድ የማሸጊያ ክፍል ልኬ ነበር። አንዲት ሠራተኛ ወለል ላይ ከተደረደረ ክምር ካርቶን እያነሣች ወደ ጠረጴዛ ትወስዳለች፤ ወገቧንም ያማታል። ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ቀን ያመጡልኝ ወረቀት «የወገብ ሕመም፤ ጉልበቷን አጥፋ እንድታነሣ ትማር» የሚል ነበር። በሰዓት ስንት ጊዜ ትጎነበሳለች ብዬ ብጠይቅ አልቆጠሩም፤ ካርቶኑ ከሰውነቷ ምን ያህል ይርቃል ብል አልለኩም። ሜትር አስይዤ መልሼ ላክኋቸው።

በልኬት ሲመለሱ ውይይቱ ሌላ መልክ ያዘ። የአሜሪካ የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ብሔራዊ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1991 ባሻሻለው የክብደት ማንሻ ቀመር መሠረት፣ ሁሉም ሁኔታ ምቹ ሲሆን የሚመከረው ከፍተኛ ክብደት 23 ኪሎ ግራም ነው። ጭነቱ ከቁርጭምጭሚት በአግድም 50 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ ይህ ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል፤ በዚያ ላይ ጭነቱ የሚነሣው ከወለል ከሆነ በ0.775 ይባዛና ሌሎቹ ሁኔታዎች ሳይታሰቡ እንኳ ከ9 ኪሎ ግራም በታች ይወርዳል። ክምሩን ወደ 75 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አንሥቶ፣ ሠራተኛዋ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል እንድትቀርበው ቢደረግ ያው ስሌት ወደ 19 ኪሎ ግራም ይመለሳል። የሠራተኛዋን ወገብ ማንም አልነካም፤ የተለወጠው ክምሩ ያረፈበት ከፍታና ርቀት ነው። ተማሪ ይህን በገዛ እጁ ለክቶ ካሰላው በኋላ «ጉልበትሽን አጥፊ» የሚለውን ምክር እንደ ሙሉ መፍትሔ የሚያቀርብ አይመስለኝም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ካርድ አይስጧቸው፤ አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየተመለከቱ ይዘርዝሩ፤ ከተፈቀደላቸውም ለአንድ ሰዓት ይሥሩት።

የተቆጣጣሪ አለመኖር ያሳሰበዎት በምክንያት ነው፤ ሆኖም መፍትሔ አለው። የዓለም ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን ዝቅተኛ የትምህርት መመዘኛ ቢያንስ 1000 ሰዓት የተግባር ልምምድ ይጠይቃል፤ ይህ ሁሉ ሰዓት ግን በሆስፒታል ግቢ ውስጥ ይለቅ አይልም። በብዙ አገሮች የሚሠራበት መንገድ ኃላፊነቱን ለሁለት መክፈል ነው፦ የዕለት ተዕለቱን ነገር በቦታው ያለ ሰው፣ ለምሳሌ የፈረቃ ኃላፊ ወይም የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ይከታተላል፤ የሙያውን ውሳኔ ደግሞ ከውጭ ያለ ቴራፒስት በየሳምንቱ ከተማሪው ጋር ተቀምጦ ይመረምራል። ተማሪውን ብቻውን አይላኩት፤ ሁለት ሆነው ሲሄዱ አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል፣ ፈርቶ ከመጠየቅ መቆጠብም ይቀንሳል። ከድርጅቱ ጋር የሚፈረመው ስምምነት ተማሪው ምን እንደማይሠራ በግልጽ ካላስቀመጠ፣ በሦስተኛው ቀን ካርቶን ሲያነሣ ሊያገኙት ይችላሉ።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ እንዲሰጡት የምመክርዎት የታማኝነት ጥያቄ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ቴራፒስቱ የሚያገለግለው ማንን እንደሆነ ብዙም አያጠያይቅም፤ ሥራ ቦታ ላይ ግን ክፍያው ከአሠሪው ይመጣል፣ ሕመሙ ያለው ሠራተኛው ዘንድ ነው። ተማሪዎች አንዱን ግኝት ሁለት ጊዜ እንዲጽፉት ያድርጉ፦ አንዱን ለሠራተኛው፣ ሌላውን ለአሠሪው። ለአሠሪው በሚሄደው ወረቀት ላይ የበሽታው ስም አይኖርም፤ «ለአራት ሳምንታት ከ5 ኪሎ ግራም በላይ አያነሣም፣ በቀን ለአራት ሰዓት ይሠራል፣ ሰዓቱ በየሳምንቱ ይጨመራል» የሚል ይበቃል፣ እሱም ሠራተኛው አውቆት ሲስማማ ነው። አንዳንድ ተማሪዎች «ድብርት» የሚለውን ቃል ከወረቀቱ ለማውጣት ሦስት ጊዜ ሲጽፉ አይቻለሁ፤ ከአንድ ክፍለ ጊዜ ገለጻ ይልቅ ያ ሦስተኛው ረቂቅ ያስተምራቸዋል።

ስለ ማኅበረሰቡ ጥቂት ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ (አካል ጉዳተኞችን በሚኖሩበት ማኅበረሰብ ውስጥ የመደገፍ) መመሪያ ሥራውን በጤና፣ በትምህርት፣ በመተዳደሪያ፣ በማኅበራዊ ኑሮና ሰዎችን በማብቃት ዘርፎች ይከፍለዋል። ተማሪዎች ወደ ጤናው ብቻ ያዘነብላሉ፤ እርስዎ ወደ መተዳደሪያው ይግፏቸው። ምዘናውንም በፈተና ወረቀት አይጨርሱት። ልምምዱ ካለቀ ከአንድ ወር በኋላ ቤተሰቡን ወይም የሥራ ቦታውን ተመልሰው ይጎብኙና ተማሪው የለወጠው ነገር አሁንም በሥራ ላይ መዋሉን ይዩ፤ ከውጤቱ ገሚሱን ለዚህ ቢያደርጉት ተማሪው ገና ሲጀምር ከእሱ በኋላ ሥራውን የሚይዘውን ሰው መፈለግ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። በሥራ ቦታ ልምምድ ላይ ሳለሁ የደኅንነት ባለሙያው «የእኔን ሥራ ልትወስጂ መጣሽ?» አለኝ። በሁለታችን መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

መልስ፦ እሱ የሚነሣው ሁሉንም ሠራተኛ ሊጎዳ ከሚችለው አደጋ ነው፤ አንቺ የምትነሺው ከአንድ ሰውና ያ ሰው ሊሠራው ከሚገባው ወይም ከሚፈልገው ነገር ነው። ቀኝ እጁ የደከመ ሰው ያንኑ ማሽን በምን መልኩ ሊያንቀሳቅስ ይችላል የሚለው የአንቺ ጥያቄ ነው። ከእሱ የምትማሪው ግን ብዙ ነው፤ በተለይ አደጋን ከምንጩ ማስወገድ፣ ካልተቻለ በሌላ መተካት፣ ከዚያ ማሽኑን ማስተካከል፣ ቀጥሎ አሠራሩን መለወጥ፣ የእጅ ጓንትና የጆሮ መከላከያ በመጨረሻ የሚሉትን ደረጃዎች እሱ በየቀኑ ይሠራባቸዋል። ነገ ስትሄጂ የመጨረሻውን የአደጋ መዝገብ እንዲያሳይሽ ጠይቂውና በየትኛው ማሽን ላይ ተደጋግሞ እንደተጻፈ አብራችሁ ቁጠሩ።