ስለ ኢንዶካናቢኖይድ ሥርዓት የጠየቃችሁኝ

ደብረ ማርቆስ ለጤና ተማሪዎች ፋርማኮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ኢንዶካናቢኖይድ ሥርዓት፣ የነርቭ መልእክትን ስለሚመጥነው የሰውነታችን አሠራር፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከማርቆስም፣ ከባሕር ዳርም፣ ከሞጣም፣ ከቡሬም ጥያቄ ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ስለ ፀጉር መርገፍ የጠየቃችሁኝ ግን ይቅርታ፣ እኔም መፍትሔውን እየፈለግሁ ነው።

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ ስሙ ራሱ ያስፈራል። ሰውነታችን ውስጥ ሀሺሽ አለ እያልከን ነው?

መልስ፦ የለም። ስሙ ከካናቢስ፣ ሀሺሽ ከምንለው ተክል፣ የመጣው የምርምሩ ታሪክ ከዚያ ስለጀመረ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) እስራኤል ውስጥ ራፋኤል ሜሹላምና የሂኤል ጋኦኒ ከካናቢስ ተክል የሚያሰክረውን ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲን፣ ለይተው አወጡ። የት አርፎ እንደሚሠራ ግን አልታወቀም። በ1988 አሜሪካ ውስጥ አሊን ሃውሌትና ዊሊያም ዴቨን ማረፊያውን በአይጥ አንጎል ውስጥ አገኙት። ዛሬ ሲቢ1 የምንለው ተቀባይ ነው። ወሬው የሚጥመው ከዚህ በኋላ ነው። አንጎል ለአንድ የሜዳ ተክል ብሎ ተቀባይ አያዘጋጅም፤ የራሱ እንግዳ መኖር አለበት። ተፈልጎም ተገኘ፦ በ1992 አናንዳማይድ፣ በ1995 ደግሞ ቱ-ኤጂ። ሁለቱንም ሰውነታችን ራሱ ይሠራቸዋል። ሀሺሽ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ መነኩሴም አሉት።

ጥያቄ (መራዊ)፦ እሺ፣ ሥራው ምንድን ነው? ሳታወሳስብ ንገረን።

መልስ፦ መራዊ ካለህማ የቆጋን መስኖ ታውቀዋለህ። ውሃው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። የነርቭ መልእክትም እንዲሁ ከአንዱ ሕዋስ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ማሳው ሲጠግብ እታች ያለው ገበሬ ወደ ላይ ይጣራል፦ «በቃኝ፣ ቀንሰው!» ኢንዶካናቢኖይድ ያ ጥሪ ነው። መልእክቱ የደረሰው ሕዋስ ከራሱ ሽፋን ስብ ላይ ወዲያው ይሠራውና ወደ ላኪው መልሶ ይለቀዋል። ላኪው ጫፍ ላይ ያለው ሲቢ1 ሲነካ የሚላከው መልእክት ይቀንሳል። ከዚያ ኢንዛይሞች ያፈርሱታል፤ አናንዳማይድን ፋህ የሚባለው፣ ቱ-ኤጂን ደግሞ በዋናነት ማግል የሚባለው።

አብዛኞቹ የነርቭ መልእክተኞች ተሠርተው፣ ተጠራቅመው ይጠብቃሉ። እነዚህ ግን ሲፈለጉ ይሠራሉ፣ ሲጨርሱ ይፈርሳሉ። በዚያች ቦታ፣ ለዚያች አፍታ። ቲኤችሲ ሲገባ ሁሉም ማሳ ላይ ባንድ ጊዜ «ቀንሰው!» ተብሎ ለሰዓታት እንደመጮህ ነው። ስለዚህ «ሰውነታችን ራሱ ስለሚሠራው ማጨስ ችግር የለውም» የምትሉኝ ልጆች፣ ነገሩ አይገናኝም። በተለይ አንጎል ገና እያደገ ባለበት በጉርምስና ዕድሜ።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዴ የሚቀነሰው መልእክት ራሱ የሚያረጋጋው ይሆናል፤ ያኔ ውጤቱ ይገለበጣል። «የመረጋጋት ሥርዓት» እያሉ የሚያቆላምጡትን ሙሉ በሙሉ አትመኗቸው። ሲቢ2 የሚባል ሁለተኛ ተቀባይም አለ፤ እሱ በብዛት የሚገኘው በሽታ በሚከላከሉ ሕዋሳት ላይ ነው። ከሰውነት መቆጣት ጋር የሚነሳው ወሬ ከዚያ ነው።

ጥያቄ (ፍኖተ ሰላም)፦ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስቆይ የጎረቤት ሽሮ ሽታ ያሳብደኛል። የዚህ ሥርዓት ሥራ ነው?

መልስ፦ እጁ አለበት፣ ብቻውን ግን አይደለም። የተራቡ አይጦች ላይ እንደታየው ከምግብ ፍላጎት ጋር በተያያዙ የአንጎል ክፍሎች ኢንዶካናቢኖይድ ይጨምራል። ሲቢ1 ሲነቃ ምግብ ይበልጥ ያስጎመጃል።

ታዲያ ይህን ያዩ ሰዎች «ሲቢ1ን ብንዘጋውስ?» አሉ። ሪሞናባንት የሚባል የክብደት መቀነሻ መድኃኒት ሠሩ። አውሮፓ በ2006 ፈቀደችው። ሰዎቹ እውነትም ከሱ። ግን ከፊሎቹን ድብርትና ጭንቀት ያዛቸው፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ የመጣባቸውም ነበሩ። በ2008 ከገበያ ወጣ። አሜሪካ ከመጀመሪያውም አልፈቀደችውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የምግብ ፍላጎትን የሚነካው ተቀባይ ስሜትንም ይነካል፤ መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ ገብቶ ሁለቱን ሊለያቸው አልቻለም። ለተማሪዎቼ ስለዚህ ሥርዓት አንድ ታሪክ ብቻ ንገር ብባል ይህን ነው የምነግራቸው።

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ ጠዋት በሐይቁ ዳር ስሮጥ የሚሰማኝ ደስታ ኢንዶርፊን ነው ይሉኛል።

መልስ፦ የቆየ ወሬ ነው። ኢንዶርፊን ሰውነት ራሱ የሚሠራው ሕመም ማስታገሻ ነው፤ በደም ውስጥ ያለው ግን ወደ አንጎል እንደልቡ አይገባም። አናንዳማይድ ግን የስብ ዘር ስለሆነ ይገባል፤ ከሩጫ በኋላም በደም ውስጥ ይጨምራል። በ2021 የወጣ የጀርመን ጥናት ሯጮችን የኢንዶርፊንን መንገድ የሚዘጋ መድኃኒት ሰጥቶ አስሮጣቸው። ደስታው አልቀረም። መካከለኛ ሩጫ በቂ ነው፤ ነፍስህ እስክትወጣ አትሩጥ።

ጥያቄ (ሞጣ፣ አንዲት እናት)፦ ልጄ፣ ከስብ ነው የሚሠራው ካልክ የኑግ ዘይት ይጨምረዋል?

መልስ፦ እትዬ፣ ጥሩ ጠየቁ። የሚሠራው ከአራኪዶኒክ አሲድ ነው፤ ይህም የኦሜጋ-6 ወገን ነው። ኑግ ኦሜጋ-6 ሞልቶታል። ተልባ ደግሞ ኦሜጋ-3 ነው። ግን አንጎል የሚሠራው በሚያስፈልገው ልክ እንጂ ድስት ውስጥ በገባው ዘይት ልክ አይደለም። ተልባውን ለጤናዎ ይጠጡ፣ ኑጉንም በልኩ። ጭንቀት ይቀንሳል ብለው ግን ዘይት አይጨምሩ።

ጥያቄ (ቡሬ)፦ ጫትስ?

መልስ፦ ሌላ መንገድ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው፤ ዋናው ሥራው ዶፓሚን የሚባለውን የነርቭ መልእክተኛ ማስለቀቅ ነው።

ጥያቄ (ዳንግላ)፦ እህቴ ከውጭ የሲቢዲ ዘይት ልላክልሽ አለችኝ። ለጉልበቴ ሕመምም፣ «ለኢንዶካናቢኖይድ እጥረት»ም ይሆናል ተብላ ነው።

መልስ፦ እንዳትቀበዪ። ሲቢዲ፣ ሌላው የካናቢስ ንጥረ ነገር፣ አያሰክርም፣ እውነት ነው። አሜሪካ በ2018 የፈቀደችው ግን ለጉልበት ሳይሆን ድራቬትና ሌኖክስ-ጋስቶ ለሚባሉ ከባድ የልጅነት የሚጥል በሽታዎች ነው፤ ያም በሐኪም ክትትል፣ ጉበት እየተመረመረ። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የምትወስጂ ከሆነ የደም ማቅጠኑን ሊያባብሰው ይችላል። «እጥረት» የሚባለው መላምት ነው፤ ሐኪም አዞልሽ «አለብሽ» ወይም «የለብሽም» የሚል መደበኛ የደም ምርመራ የለውም። ከዚያም ካናቢስ በአገራችን በሕግ የተከለከለ ነው። ለጉልበት ዘይት ተብሎ ጉምሩክ ላይ ጣጣ አታምጪ። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ቤት ካለሽም ፌኖባርቢታሉን በዚህ ወሬ ምክንያት እንዳታስቆሚው፤ ድንገት ማቆም ራሱ አደገኛ ነው።

ጥያቄ (ቦታዬ ይቅር ያለች)፦ ሰፈራችን ተኩስ ከነበረ ወዲህ በር ሲንኳኳ እንኳ እዘላለሁ። ይህ ሥርዓት ፍርሃትን ያስረሳል ሲሉ ሰማሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ የሰማሽው መነሻ አለው። በ2002 የወጣ ጥናት ሲቢ1 የሌላቸውን አይጦች ተመለከተ። አንድ ድምፅ ሲሰሙ ኤሌክትሪክ ይነዝራቸው ነበር። ንዝረቱ ቀርቶ ድምፁ ብቻ ሲሰማ ሌሎቹ አይጦች ቀስ በቀስ መፍራት ተዉ፤ እነዚህ ግን እንደፈሩ ቆዩ። የፍርሃት መደብዘዝ ውስጥ ሥርዓቱ ድርሻ እንዳለው ያሳያል። ሆኖም በዚህ መንገድ ለአንቺ ችግር የተፈቀደ መድኃኒት የለም፤ ሀሺሹም ለጊዜው ቢያደነዝዝ ጭንቀቱን ሊያባብሰው ይችላል። የሚረዳ ሕክምና ግን አለ፣ ንግግሩም መድኃኒቱም። በአቅራቢያሽ ካለ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጠይቂ። እንቅልፍ ከነሳሽ ወይም መኖር ካስጠላሽ ዛሬውኑ ሂጂ። መደንገጥሽ እብደት አይደለም።

ጥያቄ (ደጀን)፦ ፓራሲታሞልም በዚህ በኩል ይሠራል የሚባለው ቀልድ ነው?

መልስ፦ ቀልድ አይደለም። ከምትውጠው ክኒን ትንሽ ክፍል ተለውጦ አንጎል ይደርሳል። እዚያ ያው ፋህ፣ አፍራሽ ያልነው ኢንዛይም፣ ከአራኪዶኒክ አሲድ ጋር ያገጣጥመውና ኤኤም404 የሚባል ነገር ይሠራል። ሕመም የሚያስታግስበት አንዱ መንገድ ይህ ነው ተብሎ ይታመናል። አዋቂ ሰው በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን፣ ማለፍ የለበትም። አረቄ የሚያዘወትር ደግሞ ከዚያም በታች፤ ጉበቱን ሐኪም ያማክርበት።