«ሆድ ባሰው» እና «ድር ቢያብር» እንዴት ይለያሉ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ጎንደር ውስጥ የአራተኛ ክፍል አማርኛ አስተማሪ ነኝ። ለፈተና ስንከልስ ልጆቼ ፈሊጣዊና ምሳሌያዊ አነጋገርን ያምታታሉ። «እንደ» ያለበትን ሁሉ ደግሞ ተነጻጻሪ ዘይቤ ይሉታል። ምንባብ ሲሰጣቸው እንደ ውሃ ያንቆረቁሩታል፤ ስጠይቃቸው ግን ምንም የለም። ምን ላድርግ? ስሞቹን አሳጥሬ «ፈሊጥ»፣ «ተረትና ምሳሌ» ብልስ ያስኬዳል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። በልጆቹ አይፈረድም። የሁለቱም ብያኔ ብዙ ጊዜ «ከቀጥተኛ ፍቺው ሌላ ትርጉም ያለው» የሚል ነው። በዚህ ታዲያ እንዴት ይለዩት? ብያኔውን ለጊዜው ይተዉትና ግሱን ያርቡላቸው።

«ሆድ ባሰው» ብለው ይጀምሩ። ክፍሉ ይቀጥል፦ ሆድ ባሰኝ፣ ሆድ ባሳት፣ ሆድ ባሳቸው። ሰውየው በተለወጠ ቁጥር አብሮ ይለወጣል። የሚነገርለት ሰው ካላገኘ ዓረፍተ ነገሩ አይሞላም። ይኼ ፈሊጥ ነው። አሁን ደግሞ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»ን ያርቡ ይበሏቸው። «ድራችን ቢያብር አንበሳችንን እናስር» የሚል አይጠፋም። ይሳቁ፣ ግድ የለም። ምሳሌያዊ አነጋገር እንዲህ የሚነካካ አይደለም፤ ሙሉ ሆኖ መጥቶ ሙሉ ሆኖ ይሄዳል። ለአንዱም ለብዙውም፣ ለዛሬውም ለአምናውም ጉዳይ ያው ነው።

ሌላም መፈተኛ አለ። እርስዎ «ቀስ በቀስ» ብለው ዝም ይበሉ። «እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው ይጮኹልዎታል። «እጅ» ብለው ዝም ቢሉ ግን ማንም እርግጠኛ አይሆንም። እጅ ሰጠ? እጅ ነሳ? እጅ አጠረው? ሦስቱም ፈሊጥ ናቸው፤ አንዱ ተሸነፈ፣ አንዱ በአክብሮት ሰላምታ አቀረበ፣ አንዱ ገንዘብ ቸገረው። ግስ የሌላቸውም እንዳሉ አይርሱ። «አፈ ቅቤ»፣ «ጆሮ ጠቢ»፣ «ዓይን አውጣ» አይረቡም። እነሱን «እሱ ማነው?» ብሎ መሞከር ይበቃል። «እሱ አፈ ቅቤ ነው» ያስኬዳል። «እሱ ድር ቢያብር ነው» ግን ሰው አይለውም።

ወደ «እንደ» ልለፍ፤ እውነቱን ለመናገር የበለጠ የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው። «እንደ ካለ ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው» የሚለው አቋራጭ ልጆችን ፈተና ላይ ጉድ ይሠራቸዋል። እነዚህን ሰሌዳ ላይ ይጻፉላቸው፦

ፈረሱ እንደ ነፋስ ጋለበ።
ልጁ እንደ ደረሰ ተኛ።
እህቴ እንደ እናቷ ረጅም ናት።
እንደ ንጉሡ አጎንብሱ።

ዘይቤ ያለው የመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። ፈረስና ነፋስ ዘመድ አይደሉም፤ ያገናኛቸው ተናጋሪው ነው። ሁለተኛው ጊዜን ነው የሚናገረው፦ ከመድረሱ ተኛ። ሦስተኛው ማወዳደር አለበት፤ ግን ሰው ከሰው፣ ቁመት ከቁመት ነው። ሜትር ይዞ መለካት ይቻላል። አራተኛው የታወቀ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው፤ በነገሥታት ከተማ ላደገ ልጅ ማስረዳቱ አይከብድም። ስለዚህ ልጁ «እንደ»ን ሲያይ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የተነጻጸሩት ሁለቱ የማይመሳሰሉ ነገሮች ናቸው ወይ? ይኼ ከገባው ተለዋጭ ዘይቤ አያስቸግረውም። «ፈረሱ ነፋስ ነው» ማለት ነው፣ ያለ «እንደ»። ሰውኛውም ቀላል ነው፤ ነፋሱ ካንጎራጎረ የሰው ሥራ ሠርቷል።

ስለ ንባቡ። ልጆችዎ ያሉት በአብነት ትምህርት አገር ነው። የኔታ ዘንድ ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ በግእዝ ንባብና በውርድ ንባብ አልፎ ቁም ንባብ ይደርሳል። የሚጠብቀውንና የሚላላውን፣ የሚነሣውንና የሚወድቀውን አጥርቶ ያነባል። ትርጓሜው ግን ራሱን የቻለ ሌላ ጉባኤ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ይገባበታል። የእርስዎ ልጆች ሁለቱንም ባንድ ክፍለ ጊዜ ይጠየቃሉ። ቢያንቆረቁሩት አይገርምም።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ይኼ ለእርስዎ መልካም አጋጣሚ ነው። «ዋና የሚወድ ወጣት በጥምቀት ዋና ቦታው የፋሲል መዋኛ ነው» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ድምፅ አውጥተው ያንብቡ ይበሏቸው። ሁለቱ «ዋና»ዎች ሲጻፉ አንድ ናቸው። የመጀመሪያው ላልቶ፣ ሁለተኛው ጠብቆ ነው የሚነበበው። ሁለቱንም አላልቶ ያነበበ ልጅ ዓረፍተ ነገሩ አልገባውም፤ ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቁት ያውቁበታል። (የምንባቡን ዋና ሐሳብ አምጡ ሲባሉ የውሃ ዋና የመሰላቸውም አይጠፉም።)

ከዚያ አጭር ምንባብ፦ «የፋሲል መዋኛ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይገባበታል። ውሃው ሲባረክ ወጣቶች ዘለው ይገባሉ።» ውሃው ከየት ይመጣል? መልሱ ተጽፏል፤ ጣት ያስቀምጡበት። ኅዳር ላይ ዘሎ የገባ ልጅ ምን ይገጥመዋል? ይኼ የትም አልተጻፈም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ማገናኘት፣ ጥምቀት ጥር ላይ መሆኑንም ማስታወስ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ዓይነት ጥያቄ ብቻ ሲበዛ ልጆች ሳይረዱም ይመልሳሉ፤ ቃሉን አድነው ይገለብጣሉ። በየምንባቡ ሁለተኛውን ዓይነት ቢያንስ አንድ ያስገቡ። «እንዴት አወቅህ?» ማለትንም አይርሱ። ልጁ መልሱን ያገኘበትን መስመር ያሳይዎት።

ስሞቹን ስለ ማሳጠሩ፦ «ፈሊጥ» ያስኬዳል፣ «ተረትና ምሳሌ»ም ቤት ውስጥ የሚሰሙት ስም ነው። የፈተናው ወረቀት ላይ የሚመጣው ግን «ፈሊጣዊ አነጋገር» እና «ምሳሌያዊ አነጋገር» ተብሎ ስለሆነ ሁለቱንም አጠራር ያስለምዷቸው።