ጉባኤ ላይ ስለ መከባበር ጠይቁኝ

ባሕር ዳር ውስጥ የሙያ ጉባኤ ሳስተባብር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጎጃም እንግዳ መቀበል ያውቅበታል። ግን የመጣው ሁሉ ሳይሸማቀቅ እንዲናገር ደግነት ብቻ አይበቃም፤ አስቀድሞ የሚሰናዳ ነገር አለ። ወደ ጥያቄዎቻችሁ ልግባ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ ወንዶቹን «ዶክተር እገሌ፣ እርስዎ» ይሏቸዋል። እኔን ግን በባዶ ስሜ፣ «አንቺ» እያሉ። ቅር ሲለኝ ነገር አካበድኩ ማለት ነው?

በጭራሽ፣ እህቴ። አወያዩ የሁሉንም ስምና ማዕረግ ጽፎ ይዞ ይውጣ። አንቱታ ከሆነ ለሁሉም፣ አንተታም ከሆነ ለሁሉም። ሌላም የሚያናድደኝ ነገር አለ። ሴቷ ሐሳብ ታቀርባለች፤ ዝም ይባላል። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ወንድ ያንኑ ሲደግመው ይጨበጨብለታል። ያኔ አወያዩ «ይህን ቀድመው ያነሱት ዶክተር እገሊት ናቸው» ማለት አለበት። እዚያው፣ ሁሉም እየሰማ።

ከባሕር ዳር፦ ከጉባኤው በኋላ እንግዶችን ወደ ጣና ልንወስድ ነው። ምን እንጠንቀቅ?

ገዳሙን ስትመርጡ አስቡበት። ክብራን ገብርኤል የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት አትገባም። ሥርዓቱን ማክበር ግዴታችን ነው። ሴት ባልደረቦቻችንን ጀልባ ላይ አስቀምጦ መግባት ግን የአዘጋጁ ጥፋት ነው። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት አለላችሁ፤ ወንድም ሴትም ይገባል፣ የግድግዳ ሥዕሎቹም ዓይን አያስነቅሉም። ከጀልባው ወርዶ እስከ ገዳሙ ግን በቡናው ጫካ መሀል በእግር ዳገት መውጣት አለ። ክራንች ወይም ዊልቸር የሚጠቀም እንግዳ ካለ ቀድማችሁ ንገሩት፤ እሱን ጨምሮ ሁሉም የሚሄድበት ሌላ ፕሮግራም ይኑራችሁ። ጫማ እንደሚወለቅና አለባበሱም ምን መምሰል እንዳለበት ግብዣው ላይ ጻፉት።

ከፍኖተ ሰላም፦ ምግቡስ?

ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ የጾሙ ጭልፋ ከፍስኩ ጋር አይነካካ። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ለየብቻ ይሁን፣ ጽሑፍም ይለጠፍበት። የዓርብ የምሳ እረፍት ረዘም ይበል፤ ጁምዓ ሰግደው የሚመለሱ አሉ።

ከእንጅባራ፦ አፌን የፈታሁት በአውንጊ ነው። አማርኛዬ ሲያዳልጠኝ አዳራሹ ይስቃል።

ሳቁን ማስቆም የአወያዩ ሥራ ነው፤ አንተ አትሸማቀቅ፣ ወንድሜ። «ጥናቱን እያዳመጥን ነው፣ ይቀጥሉ» ካለ ይበቃል።

ስሜ ይቅር ያለች፦ የእራት ግብዣ ላይ አንድ ትልቅ ሰው በግድ ጉርሻ አጎረሱኝ። ቀጥለው እጃቸውን ወገቤ ላይ አደረጉ። ሰው ሁሉ «አባትሽ ናቸው እኮ» አለኝ።

ያጠፋሽው ነገር የለም። ጉርሻ ፍቅር የሚሆነው ተቀባዩ ሲፈልገው ነው። ወገብ ላይ የሚያርፍ እጅ ደግሞ ከባህል ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ትንኮሳ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። «አባትሽ ናቸው» ያሉሽ ሰዎች ከጎንሽ መቆም ነበረባቸው።

ከባሕር ዳር፣ ከአንድ አዘጋጅ፦ እንዲህ ያደረገው የክብር እንግዳው ቢሆንስ?

ያው ነው። የሁለት አቤቱታ ተቀባዮች ስልክ በእንግዳው ባጅ ጀርባ ይታተም፤ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። አቤቱታው ሲመጣ ተበዳይዋን በራሷ ቃል አስነግሯትና ጻፉት። «ማስረጃሽ የት አለ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ምን እንዲደረግላት እንደምትፈልግ ጠይቋት። ስሟ ከሁለቱ ሰዎች አይውጣ። በግድ ይቅርታ አታስወርዷት፤ ሽማግሌ ልኮ ማስታረቅ እዚህ ላይ አይሠራም። እንግዳውንም ለብቻው ጠርታችሁ አነጋግሩት። ነገሩ እውነት ሆኖ ከተገኘ የነገውን ንግግር ሌላ ሰው ያቅርብ፤ እሱም በጊዜ ወደ ቤቱ ይሸኝ።